የተሸጠችው መኪና ገጽ

መኪና ስሸጥ፣ ቁልፉን ለገዢው ከመስጠቴ በፊት ገጿን ከድረ ገጻችን አጠፋለሁ። ገዢው አጠገቤ ቆሞ እያየ ነው የማጠፋው። ልጄ ድረ ገጹን ስትሠራ ለእኔ ያስተማረችኝ ይህንኑ ብቻ ነው፤ የቀረውን እሷ ታውቀዋለች። የሸጥኩት የእኔ አይደለም። የእኔ ያልሆነውን አላሳይም።

ግቢው የሁለት ሰው ነው። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የሚስቴ ወንድም። ሚስቴ ካረፈች በኋላም አብረን ዘልቀናል። ዘንድሮ ግን ገዢ ጠፋ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ መኪና ሻጭ ግቢያችንን ለመከራየት ሲጠይቅ፣ የሚስቴ ወንድም ልቡ ወዲያ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሰው መኪና የሚፈልገው በእግሩ ዞሮ መሰለህ? በስልኩ ነው» አለኝ። «እኛ ደግሞ ስልክ ውስጥ የለንም። የድረ ገጽ ባለሙያ አምጥቻለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ገዢ ካመጣልን እሰየው። ካላመጣ ግማሼን አከራያለሁ።»

ባለሙያው ጫማው የሚያብለጨልጭ ቀጭን ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ የተደረደሩትን ጎማዎች ገፋ አድርጎ ኮምፒውተሩን ዘረጋ። ትንሽ እንዳየ ሳቀ።

«ሙሽሪት ማን ናት?»

«ነጯ የቤት መኪና» አለች ልጄ።

እኛ መኪኖቹን በግቢ ስማቸው ነው የምንጠራቸው። ሙሽሪት፣ ጎርባጣው፣ ባልቴቷ። ልጄም እንደምንጠራቸው ጽፋቸዋለች።

«ሰው የሚጽፈው የመኪናውን ዓይነት፣ ዓመቱን፣ ሰፈሩን ነው» አለ ባለሙያው። «ባልቴት ብሎ መኪና የሚፈልግ የለም።»

«ለካ ለዚህ ነው ስለ ሙሽራ ቀሚስ የሚደውሉልን!» አለች ልጄ።

ልክ ነው አልኩ። ስሞቹ ተቀየሩ። ቀጥሎ የመጣው ግን አልተዋጠልኝም።

«የተሸጡትን ለምን ያጠፏቸዋል?» አለኝ። «ገጽ ሲቆይ ነው ሥር የሚሰደው። እርስዎ በሸጡ ቁጥር ይነቅሉታል። ይቆይ። ሰው አይቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ሌላ ያሳዩታል።»

«በሌለኝ መኪና ልጥራው?»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አባት።»

«ሁሉም ይሥራ። እኔ አልሠራም።»

ባለሙያው የሚስቴን ወንድም አየው። የሚስቴ ወንድም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት እናቷን ደግፋ በበሩ ገባች። እናትየዋ በከዘራ ነው የምትሄደው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት። ሴትየዋ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የምታሳየኝ መኪና ባለፈው ወር ለአንድ አናጺ የሸጥኳት ሰማያዊዋ ናት። ገጿን በእጄ አጥፍቼዋለሁ። አሁን ተመልሶ ከሥሩ «አለች፤ ዛሬውኑ ይምጡ» ይላል።

«በሯ ሰፊ ስለሆነ ነው» አለች ሴትየዋ። «የእናቴ ጉልበት አይታጠፍም።»

የሚስቴ ወንድም ከቢሮ ብቅ አለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! እሷ አሁን ገና ወጣች። ግን ከሷ የምትሻል—»

«መኪናዋ የለችም» አልኩ። «ከተሸጠች ቆየች። ዋሽተንሻል።»

ሴትየዋ እኔንና እሱን አፈራርቃ አየችን። እናትየዋ ከዘራዋን መሬት ላይ መታች። «ሽማግሌ ሰው አያፍርም?»

«አፍሬያለሁ» አልኳት።

ሌላ መኪና ለማየት አልፈለጉም። ቤታችሁ ላድርሳችሁ ብል ሴትየዋ እምቢ አለች። «በመኪናዎ? እሷም መንገድ ላይ የለችም እንዳይሉን!»

በሩን ከወጡ በኋላ የሚስቴ ወንድም በእጁ መንገዱን አሳየኝ። «መጡ አይደል ታዲያ? ሁለት አውቶቡስ ቀይረው! ነገሩ ይሠራል። ያባረርካቸው አንተ ነህ።»

«አጎቴ፣ የይለፍ ቃሉን ለባለሙያው ሰጠኸው?» አለች ልጄ።

«ለሁላችን ብዬ ነው።»

«ለሁላችን ብለህ የኔን ቁልፍ?»

ባለሙያው ጋ ደወለች። ድምፁን ለሁላችን አሰማችን። «ያችን ገጽ እንዳትነኳት» አለ። «ድረ ገጹ ላይ ከሚገባላችሁ ሰው ግማሹ በሷ በኩል ነው የሚመጣው። ከነካችኋት ሰው በስልኩ ሲፈልግ ከሚመጣለት ዝርዝር ወደ ታች ትወርዳላችሁ።»

«አጥፊው» አልኳት ልጄን።

«አላጠፋውም፣ አባዬ። ተሽጣለች ብዬ በትልቁ ልጻፍበት። ከሥሯ አሁን ያሉንን፣ በራቸው ሰፊ የሆኑትን ላድርግ።»

አሰብኩበት። ተሽጣለች ማለት እውነት ነው። «ጻፊ» አልኩ።

«ተሽጣለች የሚል አይቶ ማን ይደውላል?» አለ የሚስቴ ወንድም።

«አይደውላ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልትል ነው? እስኪጠራ ምን ልትበላ ነው?»

ልጄ የይለፍ ቃሉን ቀየረች።

ስልኩ ዝም አለ። ወሩ ሲያልቅ የሚስቴ ወንድም በፊታችን ስልኩን አውጥቶ በሰፈራችን የሚሸጥ መኪና ብሎ ፈለገ። የማዶው ሻጭ ከላይ ነው። እኛ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ወደ ታች።

«አየህ፣ ጋሼ?»

«አይቻለሁ።»

«ድሮ ጭራሽ አልነበርንም» አለች ልጄ። «እዚህ የደረስነው ስማቸውን አስተካክለን እንጂ በሰማያዊዋ አይደለም።»

«እኔ ገዢ ያምጣ ነው ያልኩት» አለ።

በማግስቱ ግማሹን ሊለካ ሜትር ይዞ፣ የማዶዎቹን ሰዎች አስከትሎ መጣ። እኔ መኪኖቼን ወደ ግማሼ አስገብቼ፣ አፍንጫና ጅራታቸውን አጠጋግቼ ጨርሻለሁ። በመካከላቸው ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው።

«ጋሼ፣ አሁንም አልመሸም» አለኝ ዝቅ ብሎ። «የሰማያዊዋን ገጽ እንደነበረች አድርጋት። እነዚህን ሰዎች እመልሳቸዋለሁ።»

የሜትሩ ጫፍ መሬት ላይ ወድቋል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ከግንቡ ጥግ ጋር አጥብቄ ያዝኩት።

«ጎትት» አልኩት። «ቀጥ አድርገህ። አንድ ጣት ወደዚህ እንዳታልፍ።»

ጎተተ።

ልጄ በቢሮው መስኮት አንገቷን አወጣች። «አባዬ! ድረ ገጹ ላይ ‹ሰፊ ግቢ› ይላል። ምን ላድርገው?»

«ጠባብ ነው በይ» አልኩ፣ የሜትሩን ጫፍ ሳልለቅ። «ግን ክፍት ነው በይ።»