ቁልፉን ማን ይያዘው

ለቃለ መጠይቅ ስወጣ ባለቤቴ እስከ በሩ ሸኘኝና የአንገት ልብሴን አስተካከለልኝ። «ስለ ጉዞው ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። «ገና ሳትቀጠሪ ዕረፍት የምትጠይቂ ሴት ማን ይቀጥራል? አንቺ ሥራውን ያዢ፣ ጉዞውን እንሰርዘዋለን።» እኔ ደግሞ ሰው ድንገት ሲያስብልኝ ደስ አይለኝም፣ ይከነክነኛል። አመሌ ነው። እህቴ «አንቺ መልአክ ቢመጣም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» ትለኛለች።

ጉዞው ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚሰረዝ አልነበረም። ከዚችው ከታላቅ እህቴ ቤተሰብ ጋር ለአንድ ሳምንት ሐይቅ ዳር ሆቴል ይዘናል፣ ከፍለን ጨርሰናል። ልጆቼ ሻንጣቸውን አስቀድመው አዘጋጅተው አልጋቸው ሥር ከትተዋል። ከሁሉም በላይ ባለቤቴ አብሮን የሚሄድበት የመጀመሪያው ጉዞ ነው። የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የስቶር ኃላፊ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። ትኩሳት ሲይዘው ሹራብ ደራርቦ ይሄዳል። አባቱ የታመሙ ጊዜ እንኳን እሑድ ሄዶ እሑድ ተመለሰ። አለቆቹ ለትጋቱ የግድግዳ ሰዓት ሸልመውታል። ሳሎን ተሰቅሏል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የማሳየው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ በሱ ሲቀኑብኝ፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኛል።

እኔም ከመውለዴ በፊት ስቶር ሠርቻለሁ። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ድርጅት ስቶር ኪፐር ይፈልጋል ብሎ ማስታወቂያውን ያመጣልኝ ባለቤቴ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰልችቶኝ ስለነበር ሥራውን እፈልገው ነበር። በጣም እፈልገው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ግሪስ ግሪስ ይሸታል፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያረጀ የፍሬን ሸራ ወረቀቶቻቸውን ተጭኖ ተቀምጧል። ገና ሳልቀጠር የሰረቅኩ ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ስለ ዕቃ አቀባበል ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ቆጠራ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። አንገታቸውን አይነቀንቁ፣ ጎሽ አይሉ፣ እስክሪብቷቸውን ይዘው ያዩኛል። ከዚያ ቀለል አድርገው፣ በሚቀጥሉት ወራት ከሥራ የሚያስቀረኝ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ።

ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ሸቶታል አልኩ በልቤ። የለም ብዬ በኋላ ብጠይቅ ውሸታም ልባል ነው፣ አለ ብል ደግሞ ሥራው አፈር በላ። የባለቤቴ ምክር ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን አልጋ ሥር ያሉት ሻንጣዎች ትዝ አሉኝ። የመጣው ይምጣ ብዬ ዘረገፍኩት። ሐይቁን፣ ሆቴሉን፣ ሳምንቱን፣ ሁሉንም።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሳምንት ሙሉ ቁልፉን ለሌላ ሰው አስረክበሽ ልትሄጂ?»

«ታዲያ ይዤው ልዋኝ?» አልኳቸው። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ሰውየው በሳቅ ፈረሱ። የሚያላግጡብኝ መስሎኝ ቦርሳዬን አንስቼ ልነሳ ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝና ታሪኩን አጫወቱኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ስቶር ኪፐር ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ታሞ ይመጣል፣ ሐዘን ላይ ሆኖ ይመጣል። ወርቅ ሰው ነው ሲሉት ኖሩ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሌላ ሠራተኛ ስቶሩን ተረከበ። የኋለኛው መደርደሪያ ካርቶኖች አንድ በአንድ በፕላስተር ታሽገው፣ ተስተካክለው ተደርድረዋል። ውስጣቸው ግን ባዶ ነው።

«ያ ሰው እኮ ትጉ ሆኖ አይደለም የማይቀረው» አሉኝ። «ቁልፉን ለአንድ ቀን ለሌላ ከሰጠ አለቀለት። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የማይወጣ ሰው ስቶር አላስይዝም። አንቺ ደግሞ ይኸው ገና ሳትገቢ ልትወጪ ነው!»

አብሬያቸው ሳቅኩ። ሳቄ ግን መሃል ላይ ቀረ። ሳሎን ያለው ሰዓት ድቅን አለብኝ።

እሳቸው ልብ አላሉም። ማመልከቻዬን ገልበጥ አድርገው ዋስ የሚለው ቦታ ላይ የባለቤቴን ስም አዩ። እሱም የስቶር ሰው መሆኑን ሲያነቡ ደስ አላቸው። «እሱስ ፈቃድ ይወጣል?» አሉኝ፣ እንደ ቀልድ።

«በየዓመቱ» አልኩ። ምላሴ ከእኔ ቀደመ። እንዲህ ቀጥ አድርጌ ዋሽቼ አላውቅም። ተነስተው ጨበጡኝና ሰኞ ዋሴን ይዤ እንድመጣ፣ እሱ እንደፈረመ ሥራ እንደምጀምር ነገሩኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጣላ ሄድኩ። ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ታታሪ መሆን አይችልም? ከአንድ ሌባ ጋር ባልሽን ታመሳስያለሽ? ነውር አይደለም? እላለሁ። ዝም ስል ደግሞ ሌላው ይመጣል። ማስታወቂያውን ይዞልኝ የመጣው መቼ ነው? ሆቴሉን በያዝን ማግስት። ጉዞው ይሰረዝ ያለውስ ማነው?

ማታ ገና ጫማውን ሳያወልቅ እንዴት ሆነ አለኝ። መቀጠሬን ስነግረው አቅፎ አነሳኝ። እውነተኛ ደስታ ነበር፣ እምላለሁ። ጉዞውንም ፈቅደውልኛል ስለው ቀስ አድርጎ አወረደኝ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠና የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። በጣም ጥሩ ነው፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ግን ሰሞኑን ዕቃ ስለሚገባ አልችልም አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ልጆቹ እንዳይሰሙ ያሉበትን የመኝታ ቤት በር ዘጋሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ግድ የለም። ግን ለነገሩ ያህል፣ አንተ ብትመጣ ያን ሳምንት ቁልፉን ማን ይይዘዋል?»

ሌላ ምንም አላልኩም። ሌባ አላልኩትም፣ ስለ ካርቶኖቹ አላነሳሁም። አብደሻል እንዴ ብሎ ቢጮህብኝ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። እንዲጮህብኝ በውስጤ እለምን ነበር።

እጁ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ከበሩ ወዲያ ልጆቹ ሐይቁ ጋ መስኮት በኩል ማን እንደሚተኛ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ደግሞ ሰኞ ዋስሽን ይዘሽ ነይ ተብያለሁ።