የማያሳርፍ ብስክሌት

ወንድሜ የሚያበላሸው ነገር ሁሉ የሚጀምረው «ለአንቺ ብዬ» በሚል ነው። ብስክሌቴንም ያበላሸው ለእኔ ብሎ ነው።

ፖስታ አዳይ ነኝ። የዳገቱን ሰፈር ደብዳቤ በብስክሌት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የትኛው ግቢ ተናካሽ ውሻ እንዳለው፣ የትኛዋ እናት የጡረታ ወረቀቷ ሳይነበብላት እንደማትፈርም አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ግራ እግሬን ሰበረኝ። አጥንቱስ ገጠመ፤ ጡንቻው ግን አኩርፎኝ ቀረ። ጄሶው ሲፈታ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ እስኪሻለኝ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ማኅተም እንድመታ አደረገኝ። በኋላም አንድ ቀን ቆርጠን ለፈተና መስመሩን አብሮኝ ሊዞር ተስማማን፤ እግሬ ከቻለ መስመሬ ይመለስልኛል፣ ካልቻለ ለሌላ ሰው ይሰጣል። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ጡረታ እስክወጣ እዚያ መቀመጤን ሳስበው እንባዬ ይመጣ ነበር።

ሆስፒታል እግሬን የምታሠራኝ ባለሙያ በሄድኩ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች። አንድ ቀን እንቁላሉ ሲደርስ ደውለሽ ንገሪኝ አልኳት። ልክ አልነበርኩም፣ ግን መሮኝ ነበር።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የብስክሌቴ የኋላ ጥርስ መንሸራተት ጀመረ፤ እኔ እረግጣለሁ፣ ጎማው አይሰማኝም። ወንድሜ የብረት በር በያጅ ነው። በር በያጅ ደግሞ ለብልሽት ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ጥርሱን እንዳይላወስ አድርጎ ከጎማው ብረት ጋር በየደው።

«ከእንግዲህ አይንሸራተትም» አለኝ፣ እጁን እየጠረገ።

እውነትም አልተንሸራተተም። ከቤታችን በታች ያለችው ቁልቁለት ላይ እንደ ልማዴ እግሬን ላሳርፍ ስል ግን ፔዳሉ እግሬን ይዞት ዞረ፤ እኔን ከኮርቻው አንስቶ አጥር ላይ ለጠፈኝ። ለካ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ ማረፍ ብሎ ነገር የለም። ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩና ጋሼ እያልኩ ያደግኩትን ታላቅ ወንድሜን፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሰደብኩት። አንገቱን እንደ ደፋ፣ ሌላ ጎማ ይምጣ ቢባል ከወር በላይ ይፈጃል አለኝ።

ስለዚህ ባለው መልመድ ግድ ሆነ። ሁለት ሦስት ቀን ከነዳሁ በኋላ ነው ጉዴን ያወቅኩት። በፊት ሥራውን ሁሉ ይሠራ የነበረው ቀኙ ነው፤ ግራው ፔዳሉ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። አሁን መለገም የለም። ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ጉልበቱን ያነሳዋል። ዳገት ላይ ይገፋል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሚዞረውን ፔዳል እየተጫነ ፍጥነቱን መያዝ አለበት። የመጀመሪያውን ሳምንት በሕመም አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት የደረጃውን ብረት ሳልይዝ ወደ ቤት መውጣቴን ያስተዋለችው ልጄ ናት። ለወንድሜ አልነገርኩትም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብሎ ይኩራራብኛል።

በፈተናው ቀን ሲያካፋ አደረ። አለቃዬ በራሱ ብስክሌት ከኋላዬ ተከተለኝ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ወርዶ መግፋት ጀመረ፤ እኔ የሦስት ቤት ደብዳቤ አድርሼ ጫፍ ላይ ጠበቅኩት። ቢሆንም ልቤ አልተረጋጋም። የሚያስፈራው ማዶ ያለው ረጅሙ ቁልቁለት ነው፤ መታጠፊያው ላይ መንገዱ በአንድ ጊዜ ዘቅዘቅ ይላል።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ የፊት ፍሬኑን ያዝኩ። ጎማው እርጥቡ ላይ ሲንሸራተት ቶሎ ለቀቅኩት። ፔዳሉ እየፈጠነ ሄደ፣ ቦርሳው ከኋላ ይገፋኛል፣ ቀኙ ብቻውን አልቻለም። ያን ጊዜ ግራ እግሬን ድምፄን አውጥቼ «ያዝ» አልኩት።

ያዘ። አንድ ዙር ያዘ፣ ሁለተኛውንም ያዘ። ፍጥነቱ ረገበ፣ ታጠፍኩ፣ ሜዳው ላይ የመጀመሪያው በር ፊት ቆምኩ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን አላስታውስም።

አለቃዬ ደርሶ ወረደና ከሰኞ ጀምሮ ወደ መስመሬ እንድመለስ ነገረኝ። ከዚያ እግሮቼን አየት አየት አደረገ።

«ለመሆኑ የታመመው የትኛው ነው?»

እኔም ቁልቁል አየሁ። ሁለቱም እኩል ይንቀጠቀጣሉ። ግራው ነው ልለው አፌን ከፍቼ፣ «ግራው ነበር» አልኩትና እዚያው በር ላይ አለቀስኩ።