ያልታጠበው ጨርቅ

ገብስ እየለቀምኩ ሳለሁ ርጥበት ተሰማኝ። ብነሳ ቀሚሴ በደማቅ ቀይ ደም ርሷል። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባተኛ ወሬ ነው። ቁርጠት የለ፣ ምጥ የለ፣ ምንም አያመኝም።

ጓዳ ገብቼ ጨርቅ አደረግኩ። እሱም ርሶ ስለውጥ አማቴ እማማ አሰለፈች በሳፋ ውኃ ይዘው መጡ። ባሌ ማሩ ከእርሻ ሳይመለስ ቶሎ እንድናጥበው ፈለጉ። የሴት ደም ወንድ ፊት አይታይም፤ እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው።

«አይታጠብም» አልኳቸው።

ካቻምና፣ ከልጄ ከሩት በኋላ ባረገዝኩት ጊዜ፣ ደም ቢታየኝ አጥቤ አሰጣሁና ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ስደርስ ስንት ጨርቅ እንደራሰ ጠየቁኝ። «ትንሽ ነው» ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረም። ያ ልጅ አልተረፈም። ቀድሜ ብሄድ ይተርፍ እንደነበር የነገረኝ የለም፤ አይተርፍም ያለኝም የለም።

እማማ ሳቁብኝ። «አንቺ እኮ ዶሮ ስታንቀላፋ ተስካር የምትደግሺ ነሽ። ሳያምሽ ምን ያስሮጥሻል?»

ጨርቁን በፌስታል ጠቀለልኩ። ሩትን ለጎረቤት ሰጥቼ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ ለመያዝ አስፋልቱ ዳር ወጣሁ። እማማ እያጉረመረሙ ተከተሉኝ። መኪናው ውስጥ ፌስታሉን ከእጄ ነጥቀው ነጠላቸው ሥር ሸሸጉት።

ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጅ ነርሷ ዝናሽ ምን ያህል እንደፈሰሰኝ ጠየቀችኝ። ፌስታሉን ከእማማ ነጠላ ሥር አውጥቼ ከፈትኩላት። እማማ ፊታቸውን አዞሩ። ዝናሽ ጨርቁን አየችና፣ በእጅ መመርመር ደሙን ሊያባብሰው ይችላል ብላ፣ በቀጥታ ወደ አልትራሳውንድ ወሰደችኝ። የልጁ ልብ ይመታል። የእንግዴ ልጁ ግን ዝቅ ብሎ የማህፀኔን አፍ ሸፍኖታል።

«እንዲህ ያለው ደም አያምም» አለች ወደ እማማ ዞራ። «አላመማትም ብላችሁ ብትቀመጡ ኖሮ፣ እማማ፣ ሁለቱንም ልታጡ ትችሉ ነበር።»



ደሙ ሊመለስ ስለሚችል አስተኙኝ። ጊዜው ሲደርስም በቀዶ ጥገና እንደምወልድ ነገሩኝ። የሚፈሰኝን እያየን እንድናሳውቅ፣ ጨርቁንም እንዳንጥል አዘዙን። የከፋው ገና ይመጣል ብዬ ልቤ አላረፈም፤ ቢሆንም ከዚህ አልጋ ሳልወልድ ላልነሳ ቆርጫለሁ።

በማግስቱ ጧት ስነቃ እማማ አጠገቤ የሉም። የሌሊቱን ጨርቅ በትሪ ይዘው በሩ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አስቁመዋል።

«ልጄ፣ ከትናንቱ ያነሰ ይመስለኛል» ይሉታል። «እስቲ አንተም እየው።»