የፊሊጶስ አረንጓዴ

ይበልጣል አሰላ ውስጥ በሙህሲን ማተሚያ ቤት የለቅሶ ባነር ይሠራል። አልፎ አልፎ ሠርግም ምርቃትም ይመጣል፤ እንጀራ የሚያበላው ግን ሟች ነው። አሁን ከዚህ የሚወጣበት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ የዲዛይን ድርጅት "ሥራዎችህን በራስህ ድረ ገጽ አሳየን፤ እስከ ዓርብ ማታ ላክልን" ብሎታል።

ድረ ገጽ ደግሞ ዝም ብሎ አይሠራም። መጀመሪያ ስታይል ጋይድ ይወጣለታል፤ ቀለሙ ምን ይሁን፣ ፊደሉ የቱ ይሁን፣ ፎቶው የት ይቀመጥ ተብሎ ይወሰናል፤ ከዚያ ውልፍት የለም። ይበልጣል ብዙም አልተጨነቀም። ደንቡ ድሮውንም በእጁ ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ በስተቀኝ ይቆማል፣ ግራው ባዶ ይተዋል። ከሥር ስም፣ ከስሙ ሥር ዓመተ ምህረት። ከስሙ ጀርባ ያ አረንጓዴ።

አረንጓዴው የታላቅ ወንድሙ የፊሊጶስ ሹራብ ነው። ፊሊጶስ ኢተያ መንገድ ላይ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ተገልብጦበት ሲሞት ባነሩን የሠራው ይበልጣል ራሱ ነበር። ሌላው የሚደረድረውን ደመናና ርግብ ትቶ ከፎቶው ላይ የሹራቡን ቀለም ብቻ ወሰደ። ያየ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ከሁሩታ እስከ አርቦዬ ሰው የሞተበት ሁሉ "እንደ ፊሊጶስ አድርግልን" እያለ ይመጣል፤ እሱም እምቢ ብሎ አያውቅም።

በዚሁ ደንብ የራሱን ፎቶ የድረ ገጹ ግንባር ላይ አስቀመጠ። ከሥሩ ስሙን፣ ከስሙ ሥር ሥራዎቹ የተሠሩበትን ዘመን "2010 – 2017" ብሎ ጻፈ። አምሮበታል። ሐሙስ ማታ እናቱ ባለችበት በሁሩታ ለሚኖር አንድ አብሮ አደጉ "እስቲ እይልኝ" ብሎ ላከለት። ያ ጓደኛው ጉራ ሊነዛበት ፎቶውን ከነስሙና ከነዓመቱ ቆርጦ ለሌላ ላከ፤ ያኛውም ለሌላ።

ዓርብ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የሁሩታው እድር ጸሐፊ ጋሽ ዲሪባ ናቸው፤ ድምፃቸው ታፍኗል።

"ባነር ፈልገን ነበር የኔ ልጅ። ይበልጣል የሚባል ልጃችን አርፎብን ነው። እሱ ራሱ እንደሚሠራው አድርጋችሁ ሥሩልን።"

"ጋሽ ዲሪባ፣ እኔ ነኝ እኮ! ይበልጣል ነኝ!"

"ያ ረቢ!" አሉ፤ ስልኩ ሲወድቅ ተሰማ። "እማዬስ?" ብሎ ቢጮህ የሚመልስለት የለም።

ለካ ፎቶው ሁሩታን ሲያዳርስ አድሯል። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጢም ያበቅላል ወይ ያለ አልነበረም። የደወለም የለም፤ የሞተ ሰው ስልክ ላይ ማን ይደውላል? አረንጓዴውን አዩ፣ በቃ። እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች የእናቱን በር አንኳኩና አረዷት።

ሁሩታ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሲያዩት እልል ያለችም፣ አማትባ የሸሸችም ነበረች። እናቱ ፅጌረዳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ደረቷን ስትደቃ ቆስሏል። ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ አንገቱን አሸተተችው። አላለቀሰችም። ከዚያ ፎቶው ያለበትን ስልክ ከጎረቤቷ ተቀብላ አሳየችው።

"የወንድምህን ሹራብ ላገሩ ሙት ሁሉ አለበስክ" አለችው በሰለለ ድምፅ። "ዝም አልኩህ። ደግሞ አንተም ለበስከው?"

እናቱን በቁሟ የገደላት መሰለው።

እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ አረንጓዴውን ከስታይል ጋይዱ ሰረዘ። ሰማያዊ ሞከረ፤ ቡኒ ሞከረ፤ ገጹ የማንም ገጽ ሆነ። የሚያሳየው ሥራም ፈልጎ አጣ፤ ያ ቀለም የሌለበት አንድም ደህና ነገር አልሠራም ነበር። እናቱ እጁን ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት። ገጹ ሳይላክ ዓርብ እንደዚያው መሸ።

ሰኞ አንዲት አሮጊት የባላቸውን ፎቶ በፌስታል ይዘው ማተሚያ ቤት መጡ።

"አረንጓዴውን እንዳትረሳው።"

"እሱን ትቼዋለሁ እናቴ። ሌላ ላድርግልዎት።"

"ለሰው ሁሉ ስታደርግ ከርመህ ለኔ ሲሆን?" አሉና እንባቸው መጣ።

ይበልጣል ፎቶውን ተቀበላቸው። ኮምፒውተሩን ከፈተና የፊሊጶስን አረንጓዴ ፈልጎ መልሶ አመጣው።