የሌናርድ ሳህን

ስንቴ ነገርኩት! ጎረቤቴ ሌናርድ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ እንጂ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሁሌ አመሻሽ ላይ ጓሮው ወጥቶ ሳህን በማንኪያ ኳ ኳ ያደርጋል። ያኔ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ካለው ቁጥቋጦ አንዲት ቀበሮ ትመጣለች። በአዘቦት ቋሊማ፣ እሑድ የተጠበሰ ዶሮ ያበላታል፤ ያውም ከእጁ። ስሟንም «እሜቴ» ብሏታል። ለንደን ውስጥ ቀበሮ ብርቅ አይደለም፤ ቆሻሻችንን እየገለበጡብን ነው የምንኖረው። ሌሎቹ ግን ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ።

«ሌናርድ፣ ተው! ሰው መፍራት የተወች ቀበሮ ዕድሜ የላትም» አልኩት።

«ቅናት ነው ዶሪን። አንቺን እኮ ድመት እንኳ አይጠይቅሽም።»

ደሜ ፈላ።

በበጋው ሙቀት ሁሉም በሩን ከፍቶ ሲውል፣ ቀበሮዋ ማዶ ካለችው ከኢሞጀን ማድ ቤት ዘው ብላ ገባች። አልነከሰችም፤ የፊት እግሮቿን የሕፃኑ ጋሪ ላይ ሰቅላ ምግብ ጠበቀች። ይህን ለእናት ማን ያስረዳል? ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። ማዘጋጃ ቤት ብትደውል «የቀበሮ ነገር አይመለከተንም» አሏት። ባለጠመንጃ ልትቀጥር ተነሣች።

«ትንሽ ታገሺኝ» ብዬ ለመንኳት። «ምግቡ ከቀረባት ራሷ ትርቃለች። አንቺ በርሽን ዝጊ፣ ሽማግሌውን ለእኔ ተዪው።»

«እስከ ዓርብ» አለች፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

ሌናርድን አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አስማልኩት። «በሚስቴ መቃብር!» አለ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ኳ ኳ። እንዴት አልናደድ?

«ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም» አለኝ። በሚስቱ መቃብር የማለ ሽማግሌ!

ቅዳሜ ሌናርድ ልጁ ዘንድ ሄዶ አደረ። ባለጠመንጃው መጥቶ ኢሞጀን ጓሮ ተቀመጠ። ብዙ እጠብቃለሁ ብሎ ብርድ ልብስ ሁሉ ይዞ ነበር። ኢሞጀን ሳህንና ማንኪያ አመጣችለት፤ ኳ ኳውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከመስኮቴ ሆኜ አየሁ። ሰውዬው ብርድ ልብሱን ሳይዘረጋ ሥራውን ጨረሰ።

እሑድ ሌናርድ ዶሮውን ይዞ ወጣ። ኳ ኳ። ደግሞ ኳ ኳ ኳ። ልሰድበው ወጣሁ።

«ቆየችብኝ ዶሪን። ማን አስደነገጠብኝ?»

«ማንም አላስደነገጣትም! ምነው ባስደነገጧት!» ብዬ ጮህኩበት። እንባዬ መጣ፤ ማልቀሴም አናደደኝ። «ሰውዬው ሳህን መታላት። አንተ መስለሃት ሮጣ ሄደች።»