ጨዋው ወረቀትና ባለጌው ወረቀት

የነገሌ ሰው ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን «አካም?» ብለህ ደህንነቱን ብትጠይቀው መጀመሪያ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይልህና ከዚያ ነው ውሃ አምጣ የሚልህ። ሸምሳም እንዲያው ነበረች። ከሞያሌ ጨርቅ ጭና ስትመለስ ሜጋ አጠገብ ከጭነት መኪና ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተጎዳ ወዲህ አንድ እርምጃ ያለ ዱላ አትራመድም። ሱቋ ደጃፍ ላይ አላፊ አግዳሚው ሲጠይቃት ግን ደህና ናት፤ ሁልጊዜ ደህና ናት።

ያን ቀን ጤና ረዳቱ አዳነ የዳሌ ሕመምተኞችን ክሊኒኩ ሰበሰባቸው። አዲስ አበባ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች መጥተዋል። ከነገሌና ከአካባቢው የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሕመሙ ከሁሉ የባሰበት። ለመለያ ሁለት ዓይነት መጠይቅ ልከዋል፤ በሽተኛው የወደደውን መርጦ በዚያ ይመልሳል። አንደኛው አጭር ነው፤ ሕመሙ እንዴት ነው፣ እንቅልፍስ፣ መራመድስ ይላል። ሁለተኛው ኀፍረት የለውም። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት ይችላሉ? የውስጥ ልብስዎን ማን ያለብስዎታል? ከባለቤትዎ ጋር መተኛትስ?

አዳነ ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተኮለኮሉት ሁሉ አቀረቀሩ። ከሸምሳ አጠገብ የተቀመጠው የባሏ ወንድም ዓብዱልወሃብ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ማን ባለጌውን ይመርጣል? «ጨዋውን ስጠኝ» አለች ሸምሳ።

«ሕመሙ እንዴት ነው፣ እትዬ ሸምሳ?»

«ናጋ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እንቅልፍስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ለባዕድ ሰው ማማረር አላህን መክሰስ ነው ተብላ ያደገች ሴት ሌላ ምን ትበል? አዳነም የሰማውን ጻፈ።

ሁለተኛውን የመረጠ የቀበሌው ካድሬ ገብረአምላክ ብቻ ነበር። በየስብሰባው ራሱን ሲሂስ የኖረ ሰው ምን ያፍራል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ካድሬው ግን የሌለውንም አልደበቀም። ትናንት ገበያ መሀል ሲንጎማለል የነበረው ሰውዬ ዛሬ ሱሪ ማጥለቅ አቃተኝ አለ።

አዳነ የየሰዉን ነጥብ ደምሮ ሲያበቃ «ጓድ ገብረአምላክ ይሄዳሉ» አለ። የሸምሳ ደም ፈላ።

«እኔስ?»

«እርስዎ ደህና ነኝ ብለዋል እኮ። ወረቀቱም ደህና ነዎት ይላል።»

«ወረቀቱ! ወረቀቱ ከእኔ ጋር አድሮ ያውቃል? አምጣ ያንን ባለጌውን!»

ዓብዱልወሃብ ክንዷን ያዘ። «ተይ እንጂ ሸምሳ፣ ሰው ፊት! ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም ይሆናል፤ የእኔ ዳሌ ግን ነቅዟል!» እጁን አሽቀነጠረችው። «ጻፍ አዳነ! ቁጢጥ ማለት አልችልም፤ ሽንት ቤት ልጄ ከሚላ ናት ደግፋ የምትይዘኝ። ለሶላት ሱጁድ ከወረድኩ ሰው ካላነሳኝ እዚያው እቀራለሁ። ባሌ ሌላ ክፍል ማደር ከጀመረ ሁለት ረመዳን አለፈ። ጻፍ!»

ዓብዱልወሃብ ተነስቶ ወጣ። አዳነ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፤ ደመረ፤ ካድሬውን በሩቁ በልጣዋለች። የአዲስ አበባው ቦታ የሸምሳ ሆነ።

ይኼኔ ከፊልቱ የመጡት አሮጊቷ መሱዳ ከጥግ ድምፃቸውን አሰሙ። «ለእኔም ያንኑ አንብብልኝ፣ ልጄ።»

«ቁጢጥ ማለት ይችላሉ፣ እማማ?»

መሱዳ የተሰበሰበውን ሰው ቃኙ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ናጋ» አሉ በመጨረሻ።

ሸምሳ አሮጊቷ ጠዋት ከግቢው በር እስከ ወንበሩ በእጃቸው እየዳሁ ሲመጡ አይታለች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። አዳነ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እንዳትጽፍ!» ብላ ጮኸች። በአዳነ፣ በሐኪሞቹ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው አንዲት ቦታ በቆረጠው ሁሉ ተናደደች። «ኢቲ ሂማ፣ እማማ! ይንገሩት! አይዋሹ!»

መሱዳ እያለቀሱ መናገር ጀመሩ። የእሳቸው ከሸምሳም የባሰ ነበር። ሸምሳ ቦታው ከእጇ ሲወጣ በጆሮዋ እየሰማች፣ አሮጊቷ አፍረው ባቆሙ ቁጥር «ይቀጥሉ» ትላቸው ነበር።