ከሥር የምትቀረው ካርታ

ቢሻው ካርታ መበወዝ የተማረው ለቁማር አይደለም። ቁማርማ ቢሆን ሚስቱ ሁለት ቀን ታኮርፋለች፣ ጎረቤት ያማዋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እሱ የተማረው ሚስቱ ካማሺ እንዳትመደብበት ነው።

ጊዜው ክልሉ ገና «ስድስት» እየተባለ በቁጥር የሚጠራበት፣ የአሶሳ መሥሪያ ቤቶች ታፔላ ቀለሙ ያልደረቀበት ጊዜ ነው። በየወረዳው ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ አስተማሪ ግን የለም። ቢሻው ከደብረ ማርቆስ መጥቶ አራት ዓመት ካስተማረ በኋላ የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ወደ መምህራን ምደባ ተዛውሮ ነበር። ሚስቱ ሸዋሉል አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ አምስተኛው ወር ላይ አስወርዷታል። አሁን ሦስተኛውን ይዛ አራት ወሯ ነው። ሐኪሙ «መኪና እንዳያንገላታት፣ ከሐኪም ቤት እንዳትርቅ» ብሎ ወረቀት ጽፎላታል፤ ግን የሐኪም ወረቀት የሌለው አስተማሪ ማን አለ? የአቶ ዳኜ መሳቢያ በእሱ ተጨናንቆ አልዘጋ ብሏል።

አቶ ዳኜ የምደባው ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሜት የሚፈራ ሰው ነው፣ ይሄ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። ባለፈው ዓመት የምደባው ዕጣ በተጠቀለለ ወረቀት ሲወጣ «በጣት እየዳበሱ ያወጡታል» ተብሎ ታምቷል። ከዕጣው በኋላ የተለዋወጡትም ተካሰሱና ዓመቱን ሙሉ ቢሮው ሰላም አጣ። ስለዚህ ዘንድሮ ዕጣው እኩል በተቆረጠ ማኒላ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ሰው ሁሉ እያየ ይበወዛል፣ ስም በፊደል ተራ ሲጠራ እያንዳንዱ ከላይ ያለውን ያነሳል፣ መለዋወጥ የሚባል ነገር የለም አለ። ጻፍም በውዝም ብሎ ለቢሻው ሰጠው። የሸዋሉል ባል መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ነገር ግን ቢሻው እንኳን ዕጣ የመንግሥት እስክሪብቶ ቤቱ ይዞ የማይገባ ሰው ስለነበር ማንም ቅር አላለውም።

ዘጠኝ አስተማሪ፣ ዘጠኝ ካርድ። ስምንቱ አሶሳ፣ ባምባሲ፣ ሸርቆሌና እነሱን የመሳሰሉ ናቸው፤ ምጥ ቢመጣ እንኳ በሚኒባስ ሐኪም ቤት የሚደረስባቸው። ዘጠነኛው ካማሺ ነው። ካማሺ ለመድረስ በወለጋ በኩል መዞር አለ፣ ጭነት መኪና ላይ ማደር አለ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው እስኪለቅ መለመን አለ። ሸዋሉል አንድ ቀን ሆዷን ይዛ «ካማሺ ከወጣልኝ ይሄም ይሄዳል ቢሻው» አለችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ማህጁብ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ማህጁብ ገበያው ውስጥ በረንዳ ላይ ጀለቢያ የሚሰፋ የቤርታ ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ ኩርሙክን ተሻግሮ ሱዳን፣ ደማዚን ገበያ ውስጥ ካርታ ከሚያሳይ አንድ ሰው ጋር ዓመታት ዞሯል። ለኢድ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ «አንድ ካርታ ምረጡ» ይላል፤ የመረጡትን መሐል ከትቶ ይበውዛል፣ ይቆርጣል፣ መጨረሻ ላይ ከፈለገበት ቦታ ያወጣዋል። ቢሻው ለትምህርት ቤት ልጆች ላሳያቸው ብዬ ነው ብሎ ዋሸው። ማህጁብም ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላ እየጠራ ያስተምረው ጀመር።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት አበሳ። የተፈለገችው ካርታ መሐል ስትገባ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ጫፍ ከሥሯ ትሾልክና ትንሽ ክፍተት ትይዛለች። ከዚያ በክፍተቱ ላይ ይቆረጥና ካርታዋ ወደ ሥር ትመጣለች። ሲበወዝ ደግሞ የግራ እጅ ጣቶች ያቺን የታችኛዋን ካርታ ለስለስ አድርገው ይዘው ያስቀሯታል፤ ሌላው ሁሉ ይተራመሳል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

«በጥፍር አይደለም ኡስታዝ፣ በሥጋ» ይለዋል ማህጁብ፣ ጣቱን እየነካ። «ጥፍር ይናገራል። ሥጋ ዝም ይላል።»

ማህጁብ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የሚለው። «እጅህን አትየው» ይላል። «አንተ እጅህን ካየህ፣ ኻላስ፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ካርታ እሱ ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው። አንተ ሰው ፊት እይ፣ ሳቅ።»

መሳቁ ነበር የከበደው። ለሦስት ሳምንት ቤቱ ጓሮ ተቀምጦ ሲለማመድ ካርታው እየተበተነበት መሬት ለመሬት ሲለቅም ከረመ። ትንሿ ጣቱ አብጣ እስክሪብቶ መያዝ አቃተው። አንድ ቀን ከሰዓት ማህጁብ ፊት በወዘ፣ ቆረጠ፣ በወዘ፤ ሽማግሌው ዓይኑን ከጣቱ ሳይነቅል ሲያይ ቆየና የታችኛዋን ገለበጣት። ራሷ ነበረች። ማህጁብ እጁን ስቦ ሳመው። «አሁን ጎበዝ ነህ፣ ወላሂ» አለ። ቢሻው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የተደሰተበት ቀን ጥቂት ነው፤ በኋላ ያንን ደስታ ባሰበ ቁጥር ራሱን ይጠየፍ ነበር።

ሐሳቡ ደግሞ ማንንም የሚጎዳ አልመሰለውም። በፊደል ተራ የመጨረሻው ዲሳሳ ነው፤ ዲሳሳ የካማሺ ልጅ ነው፣ ጉሙዝ፣ እናቱም እዚያው ናት። አገሬ መድቡኝ ብሎ ቢለምን አቶ ዳኜ «ዕጣ ነው» ብሎ መልሶታል። ካማሺ ከሥር ትቀራለች፣ የመጨረሻው ሰው ዲሳሳ ያነሳታል፣ ሸዋሉል ትተርፋለች፣ ዲሳሳም ቤቱ ይገባል። ቢሻው ይህን ሲያስብ ወንጀል ሳይሆን ጽድቅ የሚሠራ ይመስለው ነበር። ከዲሳሳ በፊት ያለችው ስምንተኛዋ የማህጁብ አንድ ልጅ ዐዋጢፍ ናት፤ ከማሠልጠኛ የወጣች ወር አልሞላትም። እሷም ቢሆን ከስምንቱ አንዱ ይደርሳታል፣ ከአባቷ አትርቅም።

ዕጣው የወጣው ነሐሴ ውስጥ፣ ጠዋት፣ በቢሮው ትልቁ ክፍል ነው። ሰው መስኮቱ ድረስ ሞልቶ ነበር። አቶ ዳኜ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለሰው እያሳየ፣ ስማቸውን እያነበበ፣ ቢሻው መዳፍ ላይ በደረታቸው አስተኛቸው። አምስተኛው ላይ «ካማሺ» አለ። የቢሻው ትንሿ ጣት ከሥሯ ገባች። እሱ ሰው ፊት እያየ ሳቀ። ቆረጠ፣ በወዘ፣ እንደገና በወዘ። ማንም የነቃበት አልመሰለውም።

ሸዋሉል ሦስተኛ ነበረች። ባምባሲ ደረሳት። ካርዷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። ቢሻው ከዚያ በኋላ ያሉትን በቅጡ አላያቸውም። ስምንተኛው ስም ሲጠራ እጁ ላይ ሁለት ካርድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አንዱ ሸርቆሌ፣ አንዱ ካማሺ መሆናቸውን ሁሉም አውቋል።

ዐዋጢፍ ተነሳች፣ ግን አልመጣችም። ወደ ዲሳሳ ዞራ «አንተ ቅደም» አለችው።

«ስምሽ ነው የተጠራው» አለ አቶ ዳኜ።

«እኔ የአሶሳ ልጅ ነኝ፣ እሱ እንግዳችን ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሳያነሳ ባለቤት አያነሳም» አለች፣ አፍራ፣ ሻሿን እያስተካከለች። «አባቴም ቢሰማ ይቆጣኛል።»

ሰው በአድናቆት አጉረመረመ። አቶ ዳኜም ሐሜት የሌለበት ነገር ስለመሰለው «ይሁን» አለ።

ቢሻው አራት ዓመት ሙሉ ቤርታዎች ቤት ሲጠራ ባለቤቱ ከእሱ በፊት እጁን ወደ ገበታ ሰዶ አያውቅም። ያውቀው ነበር እኮ! ፊደል ሲቆጥር ረሳው። ዲሳሳ ተስፋ አድርጎ እየመጣ ነው። ቢሻው ሁለቱን ካርዶች ይዞ ቆሟል። ማህጁብ ያስተማረው ከሥር ማስቀረት ነው፤ ከሥር ማውጣት አላስተማረውም። አፉን ከፍቶ «ቆይ» ቢል፣ «አጭበርብሬያለሁ፣ እንደገና ይበወዝ» ቢል ይበቃ ነበር። ሸዋሉልን አያት። ካርዷን እንደያዘች ነው። አፉን ዘጋ።

ዲሳሳ ሸርቆሌን አነሳ። ዐዋጢፍ የቀረችውን ተቀብላ ገለበጠች፣ አነበበች፣ ፈገግ አለች። «የአላህ ነገር» አለች። ዲሳሳ እጁን ዘርግቶ «ካማሺ ለእኔ አገሬ ነው፣ ሸርቆሌ ለእሷ ቅርቧ ነው፣ እንለዋወጥ አቶ ዳኜ!» እያለ ለመነ። አቶ ዳኜ ወረቀቱን ሰብስቦ «ዘንድሮ መለዋወጥ የለም ብያለሁ» አለና ወጣ።

ቢሻው ነገ እናገራለሁ አለ። በማግስቱም ነገ አለ። ምደባው ተፈርሞ ተለጠፈ። የሸዋሉል አምስተኛ ወር ደረሰ፣ አለፈ፤ እሷ በየቀኑ እግዜርን ታመሰግናለች፣ እሱ ምስጋናዋን መስማት ሲያቅተው ወደ ጓሮ ይወጣል። ዐዋጢፍ መስከረም አጋማሽ ላይ ሻንጣዋን ጭነት መኪና ላይ ጭና ሄደች። ማህጁብ የሰፋላትን ሁለት አዲስ ቀሚስ ይዛ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ የዐዋጢፍ ወሬ ከካማሺ መጣ። ወባ ነው። ወደ ነቀምቴ ሊያወጧት መኪና ሲጠብቁ ሦስት ቀን ቆየች፣ መኪናው ሳይመጣ አለፈች። ያንኑ ቀን እዚያው ቀበሯት። አባቷ ቀብሯ ላይ አልቆመም።

ቢሻው ለቅሶ የሄደው በአራተኛው ቀን ነው። ቶሎ ያልሄደው ስለፈራ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ማህጁብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ቀሪው ሰው ለሶላት ወጥቶ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቢሻው ተንበረከከ።

«ጋሽ ማህጁብ፣ ዕጣው...» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«መስኮት ላይ ነበርኩ» አለ ማህጁብ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ጣትህ ገባ። አየሁ። እኔ ያስተማርኩት ጣት፣ እንዴት አላይም?»

ቢሻው ቀና ብሎ አየው። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር።

«ደስ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ኡስታዝ ሰው ነው አልኩ። ካርታ አስተማርኩት፣ ልጄን አጠገቤ ሊያስቀርልኝ ነው አልኩ። ሚስትህን ረሳሁ። ዐዋጢፍ ለእንግዳው ‘ቅደም’ ሲል እንኳ አልፈራሁም። ኡስታዝ ያውቃል፣ ያስተካክላል አልኩ። እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ለአንተ ዱዓ አደረግኩ።»

«ካማሺ ሲወጣባትስ?»

«ምን እላለሁ? ለእኔ መስሎኝ ዝም አልኩ። ለእኔ እንዳልሆነ ሳውቅ ልጩህ? አፈርኩ። ልጄን አሳፍሬ ሸኘሁት... አፍሬ ሸኘሁት።» አማርኛው ከዚህ በላይ አልበቃውም፣ በቤርታኛ አንድ ነገር ተናገረ።

ቢሻው ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ማንን ማን ይቅር እንደሚል አላወቀም። ማህጁብ እጁን ጀርባው ላይ አላደረገለትም፣ አልገፋውምም።

«ሴትህ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀው በኋላ።

«ሰባት ወር ገባች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ማህጁብ። ከልቡ ነበር፤ ቢሻውን የገደለው ይሄ ከልብ መሆኑ ነው። ከዚያ ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሁን ሂድ፣ ኡስታዝ» አለው። «ልጁ ሲወለድ እንዳታሳየኝ።»